ከገበታችን እስከ ደማችን

«ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ጎረቤት ይለዋል። ታክሲ ውስጥ ይባላል። ቲክቶክ ላይማ ሳይባል የሚውልበት ቀን የለም። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ጤፍን በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በውድ ዋጋ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። እኔንም ደስ ይለኛል። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፤ ከስንዴም ከሩዝም ይበልጣል። ግን ምግብ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ደም ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ረጅም መንገድ አለ። የመንገዱ ግማሽ ደግሞ ያለው ኩሽናችን ውስጥ ነው። ይህን ሳናውቅ በአባባሉ ብቻ የምንጽናና ከሆነ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለት ቁጥሮች አሉት። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶዎቹ። የሴቶቹ ቁጥር ከብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ጋር ሲተያይ ዝቅ ያለ ነው። የሕፃናቱ ግን ከግማሽ በላይ ነው። ሀገሩ ሁሉ ጤፍ አይበላም፣ ይገባኛል። የሴቶቹ ቁጥር ራሱ አዲስ አበባ ላይ 16 በመቶ ሆኖ ሶማሌ ክልል ላይ 60 በመቶ ይደርሳል። ወባም አለ፣ የሆድ ትላትልም አለ፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደምም አለ። ቢሆንም ከሌማቱ ዙሪያ ከተቀመጡት ሁሉ ትንሿ ልጅ ናት በብዛት ደም የሚያንሳት። ይህ ነገር ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም።

መጀመሪያ ብረት ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል? አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ነው ያለው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ፣ ሄሞግሎቢን በሚባለው ነገር ውስጥ ነው የሚገኘው። ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ እስከ እግር ጣት ድረስ የሚያደርስ ነው። ብረት ሲያንስ ተሸካሚው ያንሳል። ደረጃ መውጣት ያደክማል፣ ልብ ይመታል፣ ራስ ያዞራል፣ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ትምህርት አይገባውም። ስንፍና ይመስላል። ስንት ልጅ «ሰነፍ» እየተባለ ያደገው በዚህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አንድ ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። ሲያረጅ ሰውነት ያፈርሰውና ብረቱን መልሶ ይጠቀምበታል፤ አይጥለውም። እንዲያውም ሰውነት ትርፍ ብረት አውጥቶ የሚጥልበት በር የለውም። ቁጥጥሩ ሁሉ ያለው መግቢያው ላይ፣ አንጀት ላይ ነው። ለዚህ ነው በቀን የምንፈልገው ብረት ወደ ደም ሲገባ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ የሚሆነው። ያቺን 1 ሚሊግራም ለማግኘት ግን ብዙ እጥፍ መብላት አለብን፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት አብዛኛው ሳይገባ ያልፋልና። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ይገባል። የእህሉ ግን አብሮት የተበላውን እያየ ነው የሚገባው።

ወደ ጤፍ ልመለስ። ስለ ጤፍ ብረት የተጻፉ ጥናቶችን ስታዩ ቁጥሩ ያስገርማችኋል። በ100 ግራም ከ10 ሚሊግራም በታች የሚል አለ፤ ከ100 በላይ የሚልም አለ። አንድ እህል እንዴት እንዲህ ይለያያል? ቀይና ነጩ ልዩነት አላቸው፣ መሬቱም ይለያያል። ትልቁ ምክንያት ግን አውድማው ነው። ጤፍ የሚወቃው መሬት ላይ፣ በበሬ እግር እየተረገጠ ነው። ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነ አፈሩ ተለቅሞ አያልቅም። አፈራችን ደግሞ ብረት የበዛበት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚለካው ብረት የጤፉም የአፈሩም ድምር ነው። የአፈሩ ብረት ደግሞ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ይህ ጤፍን አያሳንሰውም። አፈሩ ቢነሣለትም ጤፍ ጥሩ የብረት ምንጭ ነው። ግን ትልልቆቹን ቁጥሮች ይዞ «አንድ እንጀራ በላሁ፣ የቀኑን ሞላሁ» ማለት አይቻልም።

ሌላው ነገር ፋይቴት ይባላል። እህልና ጥራጥሬ ለነገ ቡቃያቸው ፎስፎረስ የሚያስቀምጡበት ነገር ነው። ብረትንና ዚንክን አንጀት ውስጥ ጠርንፎ ይይዛል፤ ሁለቱም ሳይገቡ ይወጣሉ። እዚህ ላይ ነው የእናቶቻችን ሥራ የሚገባው። ሊጥ ሲቦካ፣ እርሾው ሲሠራና ሊጡ ሲኮመጥጥ፣ ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም ፋይቴቱን መሰባበር ይጀምራል። ኢንዛይሙ የሚወደው ኮምጣጣውን ነው። ሁለትና ሦስት ቀን የቆየ ሊጥ ከአንድ ቀኑ የበለጠ ይፈታል። እናቴ ሊጡ ላይ የቆመውን ቢጫ ውሃ ከላይ ቀድታ፣ አብሲት ጥላ፣ ቡሆው እስኪነሣ ስትጠብቅ ስለ ፋይቴት አታውቅም። የምታውቀው እንጀራው ዓይን እንዲያወጣና እንዳይከብድ ነው። ብረቱንም አብራ እየፈታችው ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ ዛሬ የሚጋገረው የችኮላ እንጀራ የሚያሳስበኝ። ከተማ ውስጥ ጊዜ የለም፣ እረዳለሁ። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቼም ዱቄት ቀላቅለው፣ የዳቦ እርሾ ጨምረው በሰዓታት ውስጥ ይጋግራሉ። ዓይኑ ያምራል፣ ልስላሴውም አለ። ግን ጤፉ አድሮ ካልኮመጠጠ ፋይቴቱ እንዳለ ነው። እዚያ ብርድ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ አይቦካም፤ ኦቨን ውስጥ፣ እሳት ሳይከፍቱ መብራቱን ብቻ አብርተው የሚያሳድሩ አሉ። በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ማስቦካት ፋይቴቱን ጨርሶ ባያጠፋውም ልዩነቱ ያዋጣል።

ጤፍን ከሌላው እህል የሚለይ ሌላም ነገር አለ። ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክርስቲያን አይክማን የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ጃቫ ደሴት ላይ ዶሮዎች ሲያጠና ነበር። የተፈተገ ነጭ ሩዝ የበሉት ዶሮዎች እግራቸው እየዛለ ወደቁ። ከነሽፋኑ ያለውን ሩዝ ሲሰጣቸው ተነሡ። የሚያድናቸው ነገር ሰዎች ፈትገው በሚጥሉት ሽፋን ውስጥ ነበር፤ በኋላ ቫይታሚን ቢ 1 የተባለው ነው። አይክማን በ1929 ኖቤል ተሸለመበት። ስንዴም እንዲሁ ነው፤ ፉርኖ ዱቄት ነጭ የሚሆነው ውጫዊው ክፍልና ቡቃያ የሚሆነው የፍሬው ጽንስ ሲወጣለት ነው። ጤፍ ግን ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ማን ይፈትገዋል? ማኛም ይሁን ሰርገኛ፣ ሙሉው ነው የሚፈጨው። ልጆቻችንን በማካሮኒና በነጭ ዳቦ ብቻ የምናሳድግ ከሆነ የምናጣው ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ቡና። ይህን ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለ ደም ማነስ ተገኘባት። ቤታችን ሁሉ ግራ ተጋባ። እንጀራዋ ቀይ ጤፍ ነው፣ ምስር ከቤት አይጠፋም። አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሚከታተሏት ሲስተር ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። የዓይኗን የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣታቸው ዝቅ አድርገው አዩት። ቀይ መሆን የነበረበት ነጥቷል። ከዚያ ጠየቋት።

«አፈር ያምርሻል?»

እህቴ አንገቷን ደፋች። የጭቃ ግድግዳ ሽታ፣ በተለይ ዝናብ ሲነካው፣ ያስጎመጃት ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

«አትፈሪ፣ ብዙ ሴት ያምራታል። ደም ሲያንስ እንዲህ ነው። ቡናስ መቼ ነው የምትጠጪው?»

«እንደ ሰው ነዋ ሲስተር። ቁርስ እንደበላሁ፣ ምሳ እንደበላሁ...»

«እሱን ከምግብሽ አርቂው። ተይው አላልኩሽም፣ አርቂው። ብዛቱንም ቀንሺ።»

ቤት ገብቼ ነገሩን ፈልጌ አነበብኩ። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና የጠጡ ሰዎች ወደ ሰውነታቸው የገባው ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ። ሻይ ሲሆን በ64 በመቶ። ጥናቱ ውስጥ እኔን ያስገረመኝ ግን ሰዓቱ ነው። ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። ምግቡ ገና እዚያው አለና። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች ናቸው ብረቱን የሚይዙት። የእኛ ልማድ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሌማቱ እንደተነሣ ረከቦቱ ይቀርባል።

እማዬ ስትሰማ ቅር አላት። ምሳ አብልቶ ቡና ሳያጠጡ ሰው መሸኘት እሷ ዘንድ ነውር ነው። በቡና መጣላትም አይቻልም፤ ሰፈሩ የሚገናኘው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ላይ ነው። እንዲቀርም አልፈልግም። ስለዚህ ሰዓቱ ብቻ ተቀየረ። የጠዋቱ ከቁርስ ቀደም ብሎ ሆነ። የቀኑ ወደ 10 ሰዓት ተዛወረ፤ ቆሎና ፈንዲሻ ይዞ ራሱን የቻለ ቡና ሆነ። ጎረቤቶቹም ለመዱት። እህቴ የብረት ክኒኗንም ያኔ ነው በትክክል መዋጥ የጀመረችው። ክኒኑ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። ይህን ማንም አስቀድሞ ካልነገራቸው ብዙ ሴቶች ፈርተው ያቆሙታል። ሰገራ መጥቆሩ ምንም ማለት አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ክኒኑን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ሰውነት ትርፍ ብረት ማስወጫ የለውም ብያችኋለሁ። ለትልቅ ሰው የሚረዳው ክኒን ብዛት ካለው ትንሽ ልጅ ይገድላል።

ቡና ብረትን ሲያስቀር፣ ብረትን የሚያስገባም አለ። ቫይታሚን ሲ ነው። ይህንን ለማግኘት ብርቱካን መግዛት የለባችሁም። ቃሪያ ላይ አለ። ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ግራም በግራም፣ ከብርቱካን እጥፍና ከዚያ በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። በሽሮ ላይ የሚቀርበው ስንግ ቃሪያ፣ ምስሩ ላይ የሚጨመቀው ሎሚ፣ በቲማቲምና በሽንኩርት የሚሠራው ሰላጣ፣ እነዚህ ሁሉ የእንጀራውንና የጥራጥሬውን ብረት ለመግባት ያመቻቹታል። አብሮ መበላት ግን አለበት። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታው ሽሮ አይጠቅመውም።

ቫይታሚን ሲ በእሳትና በውሃ ይጠፋል። ጎመን ስንሠራ ምን እንደምናደርግ አስቡ። እንቀቅለዋለን፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ በእጃችን ጨምቀን ውሃውን እንደፋዋለን። ውሃው ጋር የሚሄዱት ቫይታሚን ሲና ፎሌት የሚባለው ሌላ ቫይታሚን ናቸው፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ምሬቱን ለማስወጣት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለጋ የሐበሻ ጎመን ያን ያህል አይመርም። ቀጠን አድርጎ ከትፎ፣ በትንሽ ውሃና በሽንኩርት ከድኖ ማብሰል ይበቃዋል። ውሃውም እዚያው ይመጠጣል። እኔ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ቀለሙም አይጠፋም።

ጎመን ውስጥ ውሃ የማይወስደውም ነገር አለ። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ካሮቲን ነው። ካሮትና ብርቱካናማው ስኳር ድንችም አላቸው። ይሄ ቫይታሚን ዓይን በጨለማ እንዲያይ የሚያደርግ ነው። ሲጎድል የሚመጣውን አያቶቻችን ዳፍንት ይሉታል፤ ልጁ ቀን እየሮጠ ይጫወትና ምሽት ሲሆን በርጩማ ይመታዋል። ከዚያም ብሶ ዓይን ያጠፋል፤ ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ደግሞ ለሞት ያቀርበዋል። በየ6 ወሩ ለሕፃናት የሚጨመቅላቸው ጠብታ ለዚህ ነውና ጊዜውን እንዳታሳልፉ። ካሮቲን የሚሟሟው በቅባት ነው። ቅባት የሌለበት ቅቅል ጎመን ዘይት ጠብ ካለበት ጎመን በጣም ያነሰ ነው የሚሰጠው። ለልጅ ምግብ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

ስለ ልጆች ካነሣሁ አይቀር፣ አጥሚት ላይ ማለት የምፈልገው አለ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫው እንገር ደግሞ ተጨልፎ የሚጣል አይደለም፣ የመጀመሪያ ክትባቱ ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከ6 ወር በኋላ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ይዞት የመጣው ብረት በዚህ ጊዜ ገደማ ያልቃል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። በዚህ ሰዓት የምናቀርብለት ምንድን ነው? ቀጭን አጥሚት። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በውሃ ይሞላል፣ ይጠግባል፣ ይተኛል። እኛም በላልን እንላለን። ያ 57 በመቶ የሚባለው ቁጥር በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። አጥሚቱ ወፈር ይበል፤ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ። ውስጡ ከእህሉ ጋር ሽምብራ ወይም አተር ይግባ። የሚቻል ከሆነ እንቁላል ይፈርፈርበት። በቆልት ተደርጎ፣ ደርቆ የተፈጨ እህል ቢገባበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። እህል ሲበቅል ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ገንፎውም ሳይወፍር ብዙ ዱቄት ይይዛል።

ዚንክም እዚሁ ላይ ነው የሚጎድለው። ዚንክ ሴሎች እንዲባዙ፣ ቁስል እንዲድን፣ ልጅ ቁመት እንዲጨምር ያደርጋል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 38 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጥረው ነው የተገኙት። ልጅ ሲያስቀምጠው ከኦአርኤስ ጋር ለ10 ቀን የሚሰጠው ክኒን ዚንክ ነው። ተቅማጡ በ3 ቀን ስለቆመ ክኒኑን ማቆም የለባችሁም፤ ቀሪው ክኒን ልጁን ከሚቀጥለው ተቅማጥ የሚከላከልለት ነው።

ፕሮቲን ላይ አልቆይም፤ እዚህ ላይ ገበታችን ጎበዝ ነው። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው 9 አሉ። እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ሜቲዮኒን ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ይሞላል። ሽሮ የድሃ ምግብ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

አንዳንድ ነገር ግን በምንም አዘገጃጀት ከገበታችን አይወጣም፤ የለማ። አንዱ አዮዲን ነው። በ70 ዓመት ዕድሜ ሙሉ የሚያስፈልገን አዮዲን ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። በቀን 150 ማይክሮግራም ነው። እሷ ከጎደለች ግን አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ነው። ከእንቅርቱ የከፋው የማይታየው ነው፤ እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ ከጎደላት የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል። ደጋው መሬታችን በዝናብ ስለታጠበ አዮዲን ያንሰዋል፤ ያበቀለው እህልም ያንሰዋል። ስለዚህ የሚመጣው በጨው ነው። ድሮ ከአሰብ የሚመጣ አዮዲን ያለው ጨው ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ እሱ ተቋረጠና የአፍዴራ ጨው ተተካ፤ አዮዲን አልነበረውም። ደንቡ ወጥቶ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የተደነገገው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከል ስንት ልጅ ተወለደ? ዛሬ ብዙው ቤት ያለው ጨው አዮዲን አለው፤ በቂ መጠን ያለው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይበናል። ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ወጥ ላይ መጨረሻ ላይ ይጨመር።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ 12 ነው፤ ደምና ነርቭ የሚሠራ ነው። ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ አይገኝም። እንጀራ መቡካቱም አያመጣውም። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያስቀምጥ ጾሞ የሚፈስክ፣ በፍስክ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ የሚያገኝ ሰው ችግር የለበትም። እኔን የሚያሳስቡኝ ፍስክም ቢሆን እነዚህን የማያገኙት፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። ጾማቸውን በሚመለከት ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው።

ቫይታሚን ዲም አለ፤ ካልሲየም ወደ አጥንት እንዲገባ የሚያደርገው። ይሄ በዋናነት የሚሠራው ቆዳችን ላይ፣ በፀሐይ ነው። ሕፃኑን ቅባት ቀብተው የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት እናቶች እግሩ እንዳይቆለመም እያደረጉ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሞግዚት እጅ የሚያድገው ልጅ ግን ፀሐይ የት ያገኛል? ፀሐይ በሚነድበት ዓረብ ሀገር ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እህቶቻችን፣ ክረምቱ ጨለማ በሆነበት አውሮፓ ያሉት ወገኖቻችን ይጎድላቸዋል። እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይም በጥናት ተገኝቷል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። እዚያ ያላችሁ በደም ምርመራ እዩት፤ ክኒኑ ርካሽ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ በጣም የሚያንገበግበኝ ነው። ከጎመን ውሃ ጋር ይሄዳል ያልኩት ፎሌት። ጽንስ ሲጀምር አእምሮውና ህብለ ሰረሰሩ የሚሆነው ቱቦ መሰል ዘንግ የሚዘጋው በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ፎሌት ከጎደለ ዘንጉ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ አንዳንዱ በሕይወት አይወለድም። ሀገራችን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ችግር እኛ ዘንድ ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የመሩት ትልቅ ጥናት ደግሞ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ላይ ፎሊክ አሲድ (በክኒን የሚሰጠው ፎሌት) መውሰድ ድግግሞሹን በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እኛ ጋ ግን ክኒኑ የሚሰጠው ሴቲቱ አርግዛ፣ ክትትል ስትጀምር ነው። ብዙዋ የምትጀምረው በ4 እና በ5 ወሯ ነው። ያኔ ዘንጉ ከተዘጋ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ ቆይቷል።

የሚፈለገው በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። ከዚህ በፊት ችግሩ የደረሰባት ሴት መጠኑ ስለሚጨምር ሐኪም ማማከር አለባት። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ፎሌት አላቸው፤ ለዚህ ጊዜ ግን ክኒኑን የሚተካ አይደለም። ቀን የቆረጠች እህት፣ ልጅ ያሰበች ጓደኛ ካለቻችሁ አርግዛ እስክትነግራችሁ አትጠብቁ። አሁን ደውሉላት።